ሰማይ ታረሰ ያለው ማን ነው

ስቶክሆልም፣ ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ገብረ ጻድቅ፤
አንኮበር።

የአያቴ የወንድም ልጅ ሆነው ሳለ እንደ ወላጅ አባት ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ፣ በጸሎትዎም ባሕር ያሻገሩኝ አባቴ ሆይ፤ በሩቅ አገር ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። የትንሣኤው ብርሃን በእርስዎና በደብሩ ካህናት ላይ ያብራ። እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ በረዶው ከየጥጋጥጉ ገና አልጠፋም፤ ነገር ግን የደብረ ብርሃን ነፋስ ያሳደገውን ሰው የሚያሸንፍ ብርድ እስካሁን አላገኘሁም።

ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ታላቅ ወሬ ነው። በፋሲካው ሳምንት ረቡዕ ዕለት አንድ የሩስያ፣ የመስኮብ ሰው በሮኬት ተጭኖ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ምድርንም አንድ ጊዜ ዞሮ በሕይወት ወረደ። የሬድዮና የስልክ ምሕንድስና በምንማርበት ክፍል ተቀምጠን ዜናውን ስንሰማ፣ ፈገግታውን ዓይተን የማናውቀው ሽማግሌ አስተማሪያችን መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። መሪጌታ፣ ሰውየው ዓለምን የዞረበት ጊዜ ከአንኮበር አልዩ አምባ ለመውረድ እንኳ አይበቃም። አብሮኝ የሚማረው ወልደአረጋይ፣ የመዘዞው የቄስ ልጅ፣ «መሪጌታህ ይህን ሲሰሙ ሮኬቱን ንስሐ ያስገቡታል» እያለ ይሥቅብኛል። ሰላምታውንም እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል።

አንድ ምክርም እለምናለሁ። የማውቀው ተማሪ አለ። ከታኅሣሡ ግርግር ወዲህ የተማሪዎችን ጠባይ ለመከታተል ከአገር የተላከ አንድ ሰው ሻይ እየጋበዘ፣ ጓደኞቹ ስለ መንግሥት የሚናገሩትን እንዲነግረው ይጠይቀዋል። ቢነግረው ትምህርቱን በሰላም ይፈጽማል። ባይነግረው ወደ አገሩ ይመለስ መባሉ አይቀርም፤ የቀረውም አንድ ዓመት ብቻ ነው። የሚጠየቀው የሰማውን እንጂ ሐሰት እንዲፈጥር አይደለም። ይህ እንደ ኃጢአት ይቆጠር ይሆን?

ቡራኬዎን የሚጠብቅ ልጅዎ፣
ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ ግንቦት ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርአ ዳዊት።

የአብርሃምን ድንኳን በእንግድነት የጎበኘ አምላክ አንተንም በእንግድነት ቤትህ ይጎብኝህ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ሲያይ ያጉረመርማል፤ ከማሕሌት ግን አላስቀረኝም። በዳግማይ ትንሣኤ ደብረ ብርሃን ወጥቼ እናትህን ወለተሐናን አየኋት። ልጄ ኢንጂነር ሆኖ ይመጣል እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስትናገር አገኘኋት። ለብርድ የምትለብሰው የሱፍ ባናም ገዝታ ለመምጫህ አስቀምጣለች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ነው። የከፈተው ሰው ሙጫ አብዝቶበት ፖስታው ከወረቀቱ ጋር ተጣብቆ ጥቂት ቃል አጠፋብኝ። ማንበቡን አልከለክለውም፤ የምጽፈው ከማንም የምሸሽገው አይደለምና። ነገር ግን የመንግሥት እንጀራ የሚበላ ሰው ሥራውን አሳምሮ መሥራት ይገባዋል። በእኔ ጉባኤ ቤት ብራና እንዲህ አድርጎ የጠገነ ተማሪ እራቱን አይበላም ነበር።

ስለ መስኮቡ ሰው ያልኸውን አምናለሁ። ብረት የሚያበርር አእምሮ ከፈጣሪ የተሰጠ ነው፤ በተሰጠው የሠራ አይነቀፍም። ነገር ግን ወደ ሰማይ ወጣ አትበለኝ። የዞረው ከጠፈር በታች ነው። ዝንብ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ዙሪያ ብትበር አስቀደሰች አይባልም። እኛ የጨረቃን ሌሊት በጣታችን እየቆጠርን በዓል የምናወጣ ሰዎች ነን፤ በሰማይ ነገር በቀላሉ አንደነግጥም። ለወልደአረጋይም ሮኬት ንስሐ የሚያስፈልገው ሰው ሲጭን ሳይሆን ቦምብ ሲጭን ነው ብለህ ንገርልኝ።

ወሬውን አስቀድመን የሰማነው ከአንተ አይደለም። የአልዩ አምባው ነጋዴ ዓብዱ እዚህ ገበያ በከፈተው ሱቅ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬድዮ አስቀምጧል። የካይሮውንም የአዲስ አበባውንም ያሰማል። በገበያ ቀን ሰው ከብቦት ሳለ ሳልፍ አይቶኝ፣

«መሪጌታ፣ ወላሂ ብረቱ ከጸሎትዎ ቀድሞ ደረሰ» አለኝ።

«የእኔ ጸሎት ሲወጣ አያጨስም» አልሁት።

እርሱም ሳቀ፣ ሰዉም ሳቀ። በዚህ መካከል ከተሰበሰቡት አንዱ ሰው፣ «እንግዲህ ሰማይ ታረሰ» አለ። ወዲያው ሳቁ ቀጥ አለ። ተረቱን ታውቀዋለህ፤ ሰማይንና ንጉሥን በአንድ ቀንበር የጠመደ ተረት ነው። ሰማዩ ከታረሰ የጥማዱ ጓደኛ ምን እንደሚሆን ሁሉም በልቡ ጨረሰው። በአፉ የጨረሰው ግን የለም። ሁሉም ጨውና ጥጡን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ።

ሬድዮን አልጠላም። ብረቱ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ቢኖር ከብረቱ በስተኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። ቅር የሚለኝ የሚናገረውን ሰው ፊቱን አለማየታችን ነው። ፊቱን የማታየውን ሰው መልስልኝ ልትለው አትችልም።

ስለዚያ ስለምታውቀው ተማሪም ይኸንኑ እላለሁ። በልጅነቱ የቸገረውን ሁሉ በሌላ ልጅ ስም ይጠይቀኝ የነበረ ተማሪ አንድ ብቻ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስሙን አልጠይቅህም። የሚጠየቀው የሰማውን እንጂ ሐሰት አይደለም አልኸኝ። ሌባስ የሚሰርቀው እውነተኛ ገንዘብ አይደለምን? ባልንጀራው አምኖት ያወጣው ቃል የባልንጀራው ገንዘብ ነው፤ አሳልፎ ለመስጠት ሥልጣን የለውም። ተመለስ ቢሉት ይመለስ። ያልተመረቀ ሰው አንኮበር ላይ ብዙ አለ፤ ሁሉም ቀና ብሎ ይሄዳል።

በጥበብ ያሳድግህ።
መሪጌታ ገብረ ጻድቅ


ስቶክሆልም፣ ነሐሴ ፭ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

ለተከበሩ አባቴ ለመሪጌታ ገብረ ጻድቅ።

የፍልሰታው ጾም በረከት ይድረሰኝ። በመዘግየቴ ይቅርታ እለምናለሁ፤ ፈተና ነበረብኝ፤ በደኅና አልፌአለሁ።

ስለዚያ ተማሪ ባያስቡ ደስ ይለኛል። ነገሩ በቀላሉ አለቀ። ሰውየውም እንደፈራነው ክፉ አይደለም፤ ሁሉን በትሕትና ያነጋግራል። ለመጨረሻው ዓመት የሚያስፈልገኝን ፈቃድ ራሱ አስፈርሞ አምጥቶልኛል። ወደፊት ስለ መንግሥት ነገር፣ ስለ ተረትም ቢሆን፣ በደብዳቤ ባንነጋገር ይሻላል።

እዚህ ሌሊቱ አጭር ነው፤ እንቅልፍ አይወስደኝም። እናቴን ባናው ይቆየኝ ይበሏት።

ልጅዎ ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ ጥቅምት ፲፮ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለዘርአ ዳዊት።

አዲሱን ዓመት ያስጀመረን ጌታ በሰላም ያስፈጽመን። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ከወልደአረጋይ ሰላምታ የሌለበት የመጀመሪያው ደብዳቤህ ነው። ምክንያቱን አልጠይቅህም።

በዚህ ፈንታ እዚህ የሆነውን አጫውትሃለሁ። ስለ ተረት አይጻፉልኝ ብለሃል፤ ነገር ግን ተረቱ ራሱ አደባባይ ወጥቷልና ዝም ልለው አልችልም።

ከመስቀል በኋላ አዲስ የመጣው የወረዳው ጸሐፊ አቶ ብርሃነ መስቀል፣ ገበያ ላይ ሰማይ ታረሰ ያለውን ሰው ለማወቅ የአገሬው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጥ ብሎ አዘዘ። ሰውየው በከተማ ያደገ ነው። በአውጫጭኝ ጊዜ ያየውን በይፋ ለመናገር የፈራ ሰው ወፍ ነገረችኝ ብሎ ለሽማግሌዎች በጆሮ እንደሚናገር ሰምቶ ኖሯል። ከሕጋችን ሁሉ ደስ ያሰኘው ይህች ወፍ ናት። ወፊቱ ከመናገሯ በፊት ምን እንደሚደረግ ግን የነገረው የለም። ወሬው ከገበያ ይሂድለት ከፖስታ አላወቅሁም። ከእኔ ደብዳቤ ወጥቶ ከሆነ ዕዳው የእኔ ነው፤ ስለዚህ የዚያን ቀን ከሁሉ ፊት ተቀመጥሁ።

የየአጥቢያው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የቀረ ሰው አልነበረም፤ አልታየች እንኳ ጠላ ቤቷን ዘግታ መጥታለች። ዓብዱና የእስላሙ ሰፈር ሰዎችም ነበሩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ባላምባራስ ኃይለ ገብርኤል በድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንደ ሥርዓቱ ጀመሩ።

«ባለጉዳዩ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጸሐፊው።

«የጠፋብዎ ምንድን ነው?»

«የጠፋ ነገር የለም። የተባለ ነገር ነው ያለው።»

«አውጫጭኝ ለጠፋ ነገር ነበር፤ ግድ የለም፣ ዘንድሮ ሁሉ ነገር አዲስ ነው። ምን ተባለ?»

«ሰማይ ታረሰ ተባለ።»

ባላምባራስ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ይህንንማ የአዲስ አበባውም ሬድዮ ተናግሮታል። ሰው መውጣቱን ነግሮናል። ክፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

«ክፋቱ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው።»

«የሚቀጥለውን ማን ተናገረው?»

«ማንም አልተናገረውም። ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

«እኔ አርጅቻለሁ፣ ይረሳኛል። የጠፋች ላም እንኳ ቀለሟና ቀንዷ ሳይነገር አትፈለግም። የሚቀጥለውን እዚህ በሕዝቡ ፊት ይንገሩንና እርስዎ ይማሉ። ከዚያ እኛም በየተራችን እንምላለን፤ ወፊቱም ትናገራለች።»

ጸሐፊው ወረቀቶቹን ሰበሰበ። በዚህ ጊዜ አልታየች ከተቀመጠችበት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣

«ጌታዬ፣ እባክዎ ጮክ ብለው ይናገሩት። ከኋላ ያሉት ካልሰሙ ነገ ገበያ ላይ አጣመው ያወሩታል» አለች።

«ድምፅዎ ከደከመ ሬድዮዬን ላምጣልዎ?» አለ ዓብዱ።

ሰው ሁሉ ነጠላውን ወደ አፉ ወሰደ። ጸሐፊው ያን ጊዜ የገባበት ነገር ገባው። ማንም ያልተናገረውን የተረቱን ግማሽ በየአጥቢያው ሕዝብ ፊት የመጀመሪያው ተናጋሪ ሊሆን ነው፤ ያውም በመሐላ። ፊቱን ላብ አጠመቀው። እጅግ አሳዘነኝ፤ ወጣት ነው፣ እናትም ይኖረዋል።

«ሕዝቡ ይሰናበት» አለ በመጨረሻ።

«ባለጉዳዩ የጠፋብኝ የለም ካለ እኛም የምንፈልገው የለንም» አሉ ባላምባራስ፤ መርቀውም አሰናበቱን።

አሁን የምጽፈውን አስተውለህ አንብብ። ያን ቃል የተናገረው ማን እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። ወንድ ይሁን ሴት አልነግርህም፤ ደብዳቤያችን ብዙ አንባቢ አለውና። ጸሐፊው ነገሩን ገልጦ ቢምል ኖሮ እኔም መማል ነበረብኝ፤ በመሐላ ላይ አልዋሽም። ወፍ ነገረችኝ ብዬም በጆሮ አላንሾካሹክም ነበር። ተነሥቼ፣ ያንን ሰው ዓይን ለዓይን እያየሁ፣ ስሙን በአደባባይ እጠራ ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ይህንኑ ለዚያው ሰው ነገርሁት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ከአጠገብዎ የተቀመጥሁት ለዚህ ነው፤ ዞር ዞር ብለው እንዳይፈልጉኝ።»

ከዚያ ሰው ጋር ዛሬም ሰላምታችን አልጎደለም። ይህን ያነበበ የመንግሥት ሰው እኔን ሊጠይቀኝ ቢሻ አንኮበር ነኝ፤ ሥርዓቱንም አሁን ያውቀዋል፤ ይማልና ይጠይቀኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው በሌለበት ስለ እርሱ የሚባለውን አይሰማምና በሌለበት ስሙን የምንጠብቅለት እኛ ነን። ሌላ ምክር የለኝም። ስለ እናትህ አታስብ፤ ደኅና ናት።

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ


ስቶክሆልም፣ ኅዳር ፲፯ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ገብረ ጻድቅ።

ጉልበትዎን ከመሳም በፊት ጥፋቴን ልናገር። ያ ተማሪ እኔ እንደሆንሁ ያውቁ ነበር። የማያውቁት የሐምሌውን ነው። ሰውየውን እሺ አልሁት። ስለ ወልደአረጋይ ጠየቀኝ፤ የትኛው ስብሰባ እንደሚሄድ፣ ስለ ታኅሣሡ ነገር ምን እንዳለ ነገርሁት። እውነት ነበር፤ አንድም አልጨመርሁበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወልደአረጋይ ጋር በአንድ ማዕድ ከመቀመጥ ሸሸሁ፤ ሰላምታውንም ለመጻፍ እጄ እምቢ አለ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ወደ ክፍሉ ሄድሁ። ስለ እርሱ የተናገርሁትን ሁሉ ለራሱ ነገርሁት። ያነብ የነበረውን መጽሐፍ አጠፈ።

«የቄስ ልጅ ስለሆንሁ እንዳልመታህ ታውቃለህ» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት።

«ባልሆንም አልመታህም ነበር፤ መንግሥትህ መጥቶ ለምን አስለቀስኸው ይለኛል።»

በሳምንቱ ሰውየው እንደተለመደው ሻይ ቤት ቀጠረኝ። የእርስዎን ደብዳቤ ለወልደአረጋይ አስነብቤው አብረን ሄድን። ወንበር ስቤ ከሰውየው ፊት ለፊት አስቀመጥሁትና፣ «ስለ እርሱ የሚጠይቁኝን ከዛሬ ጀምሮ እርሱ ባለበት ይጠይቁኝ። አስቀድመው ግን የጠፋብዎ ምን እንደሆነ ይንገሩን» አልሁት።

«ቀልደኛ ሆነሃል» አለኝ ሰውየው።

«አገራችን እንዲህ ነው የሚቀለደው» አለ ወልደአረጋይ፤ ከዚያም እንደ ተከበረ እንግዳ ስኳሩን ወደ ሰውየው አቀረበለት። «ይጠይቁ እንጂ፣ ጌታዬ። እኔም ስለ ራሴ ለመስማት ቸኩያለሁ።»

ሰውየው ሻዩን ሳይጨርስ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ከጥቂት ቀን በኋላ ትምህርቴ ተቋርጦ ወደ አገሬ እንድመለስ ታዘዘ። ወልደአረጋይን አልነኩትም፤ ይፈጽማል። ትእዛዙን ስነግረው ሮኬቱን ለእኔ ተውልኝ፣ አንተ አውጫጭኙን ይዘህ ሂድ አለኝ።

አልጸጸትም። የሚከብደኝ እናቴ ናት። ለሰው ሁሉ ኢንጂነር ብላኝ ሳለ ወረቀት የሌለው ሰው ሆኜ በደጇ መቆሜ ነው። ጥር ፲፬ ቀን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን እደርሳለሁ። ከርስዎ በፊት ማንም እንዳይነግራት እለምናለሁ። ምናልባት በመሸ ጊዜ ብገባ፣ በስተኋላ በኩል ብመጣ የሚሻል ይመስለኛል፤ የሚከታተሉኝ ሰዎችም ይኖራሉና እርስዎን በእኔ ምክንያት እንዳያዩዎ።

ጥፋተኛው ልጅዎ፣
ዘርአ ዳዊት


አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ለልጄ ለዘርአ ዳዊት።

በባዕድ አገር ዮሴፍን ያልተለየ አምላክ መንገድህን ይምራ። የሐምሌውን ለንስሐ አባትህ ትነግራለህ፤ የሚገባህን ቀኖና ይሰጥሃል፤ ያለ ማጉረምረም ትፈጽማለህ። የኅዳሩን ግን ለማንም ለመንገር አትፈር።

ትናንት ደብረ ብርሃን ወጥቼ ለእናትህ ነገርኋት። ገና ደጃፉን ሳልፍ ፊቴን አይታ ቆመች።

«ሞተ?» አለችኝ።

«አልሞተም። ትምህርቱን ሳይጨርስ መለሱት።»

«ሰርቆ?»

«አይደለም። ባልንጀራውን አሳልፈህ ስጥ ቢሉት አልሰጥም ብሎ።» መጀመሪያ የሆነውንም አልደበቅኋትም፤ አንተ ራስህ ስላልደበቅኸው።

ተቀመጠች፤ ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ «ታዲያ መሪጌታ፣ የመርዶ ፊት ይዘው የገቡት ለምንድን ነው? ልቤን ሊያቆሙት ነበር እኮ» ብላ ተቆጣችኝ። እኔን የሚቆጣ ሰው ካየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ ተገቢ ስለነበር ተቀበልሁ። ስትሸኘኝ ለጎረቤቷ፣ «ልጄ በጥር ይመጣል» ስትል ሰማኋት። ኢንጂነር የሚለውን ቃል አልጨመረችም፤ ድምጿ ግን ከበፊቱ አላነሰም።

ሥራ አጣለሁ ብለህ አትጨነቅ። የዓብዱ ሬድዮ ከኅዳር ጀምሮ ድምፁ ታፍኖ አልዩ አምባ ቤቱ ተቀምጧል፤ የሚጠግነው ሰው ጠፍቷል። ስትመጣ አልዩ አምባ ድረስ አብሬህ እወርዳለሁ። ጉልበቴ ቢያጉረመርምም የዚያን መሣሪያ ሆድ ተከፍቶ ለማየት ፈልጌአለሁ፤ ቃል በየት በኩል እንደሚገባ ታሳየኛለህ።

በመሸ ጊዜ በስተኋላ በኩል ልግባ ያልኸውን አልፈቅድም። የምትመጣው ሌባ ሆነህ አይደለምና በቀን ትገባለህ። ጥር ፲፬ ቀን ከአንኮበር በበቅሎ ቀድሜ እወጣለሁ። የበዓል ልብሴን ለብሼ፣ ጥምጥሜን አድርጌ፣ መቋሚያዬን ይዤ አውቶቡሱ በሚቆምበት ከመንገዱ መካከል እቆማለሁ። እናትህም ከጎኔ ትቆማለች። እንዲያየን የታዘዘ ሰው ቢኖር ብርዱ ሳይጎዳው ጠጋ ብሎ ይይ፤ አንተን የተቀበለህ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ እንዳይሳሳት ስሜን ከነአባቴ እነግረዋለሁ።

መሪጌታ ገብረ ጻድቅ